የሰረቅኩብሽ መንደር

ውድ እትዬ ላስትሪ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ መግባት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰላምታውን ካስረዘምኩት እንደ ልማዴ እዚያው ውስጥ ተደብቄ እቀራለሁ። ስለዚህ ልናገረው።

ልጄ ሃኒ “በመጪው ሐምሌ ያደግክበትን መንደር ካላየሁ” ብላለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ዘሪቱም “እውነቷን ነው፣ እኔስ ብሆን የባሌን አገር መች አየሁ?” ብላ የአውሮፕላን ቲኬት ማየት ጀምራለች። እትዬ ላስትሪ፣ የሚሄዱበት መንደር የለም። ማለቴ፣ መንደሩስ አለ። ግን የአንቺ ነው። ያለውም ጃቫ ደሴት ላይ ነው።

ይህን ያልኩት ገና አሁን ነው። በአማርኛ የምጽፍልሽ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ደንዉዲ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። አንቺ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን አንሶላውን እናራግፋለን፣ እናጥፋለን፣ እየተራመድን መሐል ላይ እንገናኛለን፣ ከዚያ ወደየቦታችን እንመለሳለን። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ “ከሴትዮዋ ጋር ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትጋፈፉ ትውላላችሁ አሉ” እያሉ ሲያሾፉብኝ ምን እያሉ እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ትርጉሙን ለመንገር አፍሬ “ሥራ በርቱ ነው የሚሉን” አልኩሽ። ያኔ ማፈር የማውቅ መስሎኝ ነበር።

በሰባት ዓመት ትበልጪኛለሽ። “ታላቅ እህትን በቋንቋችሁ ምን ትሏታላችሁ?” ብትዪኝ እትዬ የሚለውን አስተማርኩሽ። አንቺም “ዲክ ሙላው” ትዪኝ ጀመር፤ ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው አልሽኝ። ወንድም ኖሮኝ አያውቅም፤ እህትም እንዲሁ። ደስ አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው ሃኒ አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መጣችብኝ።

“ዳዲ፣ ቲቸራችን ሄሪቴጅ ፕሮጀክት ሰጥታናለች። ላይክ፣ አንተ ያደግክበት ቦታ። ሁሉንም ንገረኝ።”

“ትንሽ መንደር ናት” አልኳት።

“ምን ያህል ትንሽ?”

“ስልሳ ሁለት ቤት።”

ስልሳ ሁለቱ ቤት የአንቺ ነበር፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የትራስ ልብስ ስንደረድር የነገርሽኝ። አፌ ላይ ያገኘሁትን ነው የሰጠኋት። ለምን የራሴን እንዳልነገርኳት ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ ዋናው ኃጢአቴም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ከባሕር የራቀች፣ በኮረብታ መሐል የተቀመጠች መንደርሽን፣ ቀዩን የሸክላ ጣራ፣ ከቁልቁለቱ በታች ሁሉም የሚታጠብበትን ምንጭ፣ ሰው ሲሞት አንድ ዓይነት፣ እሳት ሲነሳ ሌላ ዓይነት የሚመታውን የተቦረቦረ ግንድ፣ ሁሉንም ወደ አገሬ አጓጓዝኩት። ሩዙን ጤፍ አደረግኩት። የምታርሱበትን ጎሽ በሬ አደረግኩት። ሴቶቹ ችግኙን እንዳይረግጡ በጭቃው ውስጥ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚተክሉትን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ምክንያቱም ሃኒ ስትሰማው ከወንበሯ ተነስታ ሳሎኑ ውስጥ ወደ ኋላ እየተራመደች መትከል ጀመረች። እናትሽንም ሰጠኋት። ዛላው ሲደርስ ሩዟ ነፍስ ስላላት እንዳትደነግጥ ብላ መዳፏ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላዋ አንድ በአንድ የምትቆርጠውን እናትሽን “አያትሽ ናት” አልኳት።

ሃኒ ማታ የጠየቀችኝን ጠዋት አንቺን እጠይቅሻለሁ። “ከዚያስ? ዝናብ ሲዘገይስ? ልጅ ሲወለድስ?” አንድ ቀን አንሶላውን እንደያዝሽ ቆመሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? “ዲክ ሙላው፣ አሜሪካ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን የጠየቀኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።” ዓይንሽ እንባ አቅሮ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ “ይህቺን ዛሬ ማታ ለሃኒ” እያልኩ ነበር። ይህንን ሳስታውስ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሆኜም ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት የቀርከሃዋን ነገር ነው። በየደጁ እንደ ኩባያ የተቆረጠች ትንሽ ቀርከሃ ትንጠለጠላለች። ሲመሽ እያንዳንዱ ቤት አንድ ማንኪያ ሩዝ ይጨምርባታል፤ ተረኛ ጠባቂዎች እየዞሩ ይሰበስቡታል፤ የታመመ፣ የወለደች፣ ሐዘን የደረሰበት ከዚያ ይበላል። “አንድ ማንኪያ እንኳ የሌለው ቤትስ?” አልኩሽ።

“ባዶዋን ይሰቅላታል።”

“ጠባቂው አያይም?”

“ያያል። አላየሁም ይላል። አንዳንዱማ ከኋላ የሚመጣው ጓደኛው እንዳያውቅበት ከራሱ አንድ ማንኪያ ጨምሮባት ያልፋል።”

ይህን ለሃኒ ስነግራት አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሰው በሰረቀው ነገር ያለቅሳል? ያለቅሳል።

ጽሑፏ ትምህርት ቤት ተመሰገነ። ከዚያ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በልጆች ቀን እንድታነበው ተጠየቀች። አንቺን የጋበዘችሽ ራሷ ናት። የምትልኪላትን የኦቾሎኒ ቂጣ እየቆረጠመች ስልክ ደውላ “ምባክ ላስትሪ፣ ካልመጣሽ አላነብም” አለችሽ፤ በአንቺው ቋንቋ እትዬ ማለቷ ነው። እኔ “ሥራ ይኖራት ይሆናል” ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ? የራሴ መኪና ውስጥ አስቀምጬ ይዤሽ መጣሁ።

ሻርፕሽን አስተካክለሽ ከኋላ ተቀመጥሽ። ሃኒ በእንግሊዝኛ አነበበች። ስልሳ ሁለት ቤት ስትል ቀና አልሽ። ቀርከሃዋ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ የፕሮግራሙን ወረቀት አነብ ነበር፤ ገልብጬ እንደያዝኩት ያወቅሁት በኋላ ነው። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፣ አጨበጨበ። አንቺም አጨበጨብሽ።

ሁሉም ጁስ ሊጠጣ ሲወጣ ጋሽ ጎሹ መጡ። ጋሽ ጎሹ አሜሪካ እስኪገቡ ድረስ ያረሱ ሰው ናቸው፤ በእርሻ ነገር አይታለፉም።

“ወንድም ሙላው፣ ልጅህ የተባረከች ናት። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ጤፍ ይበተናል። እያንዳንዷን በእጅ ይዞ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚተክሉት የት አገር ነው? አሁን አሁን በመስመር ዝሩ እያሉ ነው አሉ፣ እሱም ቢሆን እንዲህ አይደለም።”

ሦስት አራት ሰው ዘወር አለ። ሃኒ በኩራት የጠየቁትን ለአንቺ ተረጎመችልሽ፤ አባቷ መልስ እንዳለው እርግጠኛ ነበረች። እኔ “በእኛ በኩል እንዲያ ነው” አልኩ። ጋሽ ጎሹ “በየት በኩል?” አሉ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ የእኔማ ተዘግቶም ታየ።

ያኔ አንቺ ተናገርሽ። እያየሽ የነበረው እኔን ሳይሆን ሃኒን ነው። “በእኔም አገር ወደ ኋላ ነው የሚተከለው። የረገጡት ችግኝ አይበቅልም። ገበሬ የትም አንድ ነው።” ሃኒ ይህንንም ተረጎመች። ጋሽ ጎሹ ሳቁ፤ “እንግዲህ እሳቸው ካሉ!” ብለው ሄዱ።

እትዬ ላስትሪ፣ ባዶ ቀርከሃ ሰቅዬ አየሽኝ። ከራስሽ አንድ ማንኪያ ጨምረሽበት አለፍሽ። ያውም ከእኔው ከሌባው ጋር ቆመሽ።

ስመልስሽ በርሽ ላይ ፓርክ ሳደርግ ቀበቶሽን ፈትተሽ “ሃኒ አያቷን ወዳታለች” አልሽኝ። በቃ። ብትሰድቢኝ፣ ብትጮሂብኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ከዚያ ቀን በኋላም አንሶላውን እንደ ድሮው አጠፍን፤ ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ መሐል ላይ እየተገናኘን። ወሬው ግን ቀረ። አንቺ አትነግሪኝም፤ እኔም ልጠይቅሽ አፍ የለኝም። እናትሽ ታማ ወደ ጃቫ ለመመለስ ስትነሺ በመጨረሻው ቀንሽ ሺፍቴን ቀየርኩ። ቻው እንኳ አላልኩሽም። በማግስቱ ሎከሬ ውስጥ በትራስ ልብስ የተጠቀለለች ያቺን የእናትሽን ትንሽ ቢላዋ አገኘሁ። ላይዋ ላይ “ለሃኒ” ይላል።

ለሃኒ አልሰጠኋትም። የመሣሪያ ሳጥኔ ሥር ደበቅኳት፤ ሦስት ዓመት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ። ባለፈው ቅዳሜ ሃኒ ብስክሌቷን ልትጠግን መፍቻ ስትፈልግ አገኘቻት። ማንም ሳያሳያት መዳፏ ውስጥ ደበቀቻት፤ ራሷ የጻፈችው ነገር አይደል?

“ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ! የአያቴ ናት፣ አይደል?”

እኔም “አዎ” አልኳት። ሐምሌ ላይ እንሂድ ያለችው ያን ጊዜ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለዘሪቱም ስንጋባ ገጠር ነው ያደግኩት ብያታለሁ።

ያደግኩት ሞጆ ነው፤ የጭነት መኪና የሚቆምበት መንገድ ዳር፣ ቡና ቤት ውስጥ። እናቴ እዚያ ነበር የምትሠራው። ቢራ ትቀዳለች፣ ሾፌሮቹ ሲፈልጉም አብራቸው ታድራለች። ያን ጊዜ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ እተኛለሁ። ትምህርት ቤት “የሴት ልጅ” ይሉኝ ነበር። አባቴን አላውቀውም። እስከ ዛሬ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የአባት ስም የባለ ቡና ቤቱ ነው፤ ልመዘገብ ስል ለእናቴ አበደራት።

ከእናቴ ጋር ሌሎች ሦስት ሴቶች ይሠሩ ነበር። አራቱም እራታቸውን ሲበሉ በመጀመሪያ አንድ አንድ ጉርሻ እየለዩ በጣሳ ክዳን ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። አንዷ ገበያ ያጣች ቀን፣ የምትበላው ያነሳት ቀን፣ ክዳኑ ላይ ግን አራት ጉርሻ አይጎድልም። ማን የማንን እንደሞላ አላውቅም። አንቺ ስለ ቀርከሃዋ ስትነግሪኝ ትዝ ያለኝ ይህ ነበር፤ ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ምን ነበረበት? እኔ ግን የአንቺን ይዤ ሄድኩ፤ የአንቺ መንደር ሽንት ቤት ሽንት ቤት አይሸትም፣ ቢራ ቢራ አይልም፣ እናትሽንም ማንም አይሰድባትም። እናቴ “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ትል ነበር። ስትሞት እኔ በስደት ናይሮቢ ነበርኩ። የቀበሯት ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አሜሪካ ከገባሁ ስሟን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። የአንቺን እናት ለልጄ አያት ሳደርግ የራሴን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳት።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ ብልሽ አንቺ ወዲያው “ምንም አይደለም” እንደምትዪ አውቃለሁ። አሁን ግን እንዲያ አትዪኝ። ቀርከሃህ ባዶ መሆኗን አይቻለሁ በዪኝ። ቢላዋዋንም ፈርጂባት፤ መልስ ካልሽኝ እልካታለሁ፤ ሃኒ ጋ ትቆይ ካልሽም የማን እናት ቢላዋ እንደነበረች አውቃ ትያዛት።

በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛዬ ለልብስ ማጠቢያ እንጂ ለዚህ ስለማይበቃ ነው። በእንግሊዝኛ ብጽፈው “ሶሪ” ብቻ ይሆናል፤ ሶሪ ደግሞ ገበያ ውስጥ የሰው እግር ስረግጥም እላታለሁ። የሚተረጉምልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ቋንቋውን ሁለቱንም የምታውቅ፣ አንቺንም የምትወድ አንዲት ሰው ብቻ አለችኝ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን፤ ዘሪቱም ትኖራለች። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ሃኒ በላፕቶፗ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ስለዚህ እዚህ መስመር ላይ ስንደርስ ሁሉንም ሰምታለች ማለት ነው።

ሃኒዬ፣ እጅሽን ከላፕቶፑ አታንሺ። ቀጥዪ። ይህንንም ጻፊላት፦ አያትሽ ደጊቱ ትባላለች። ከፈለግሽ በሐምሌ የተቀበረችበትን አሳይሻለሁ፤ ካልፈለግሽም አይገርመኝም።

እትዬ ላስትሪ፣ ለመንደርሽ ሰዎች፣ ለስልሳ ሁለቱም ቤት ሰላም በይልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሙላው ደጊቱ
የሞጆው