የወለወልኳቸው ቅጠሎች

ሐሙስ፣ ግንቦት 21፣ ሆሳዕና

ነገ የማስተርስ ዲፌንሴ ነው፤ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ፤ ፍርሃት ሊገድለኝ ነው።

ጽሑፌ የጎደሬ ቅጠል ላይ ስስ የውሃ ንጣፍ ሳይቆራረጥ ይቆያል ይላል። አማካሪዬም «ማንም ያልጠበቀው ውጤት!» ብለው ላገኙት ሁሉ አውርተዋል።

ዛሬ እማዬ ከሀደሮ መጥታ፣ ቆጮ ልትጠቀልልበት የእንሰት ቅጠል በጨርቅ ስትወለውል ሳይ ክው አልኩ። እኔም እያንዳንዱን ቅጠል ከመለካቴ በፊት እንደ እሷ ወልውያለሁ። ውሃ የሚገፋው፣ ለዓይን የማይታየው ሰም አብሮ ተጠርጓል ማለት ነው። ሮጬ ከጓሮ ያልተነካ ጎደሬ ቆረጥኩና ውሃ አፈሰስኩበት። የውሃው ሞለኪውሎች ሰሙን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ፤ ንጣፉ ተበጣጥሶ እንደ ዶቃ ተንከባለለ።

ነገ ለፈታኞቹ እውነቱን ላሳያቸው አንድ ያልተነካ ቅጠል አስቀመጥኩ፤ ሰው ፊት እንደማቀርበውም ለእማዬ ነገርኳት። ለአማካሪዬ ልደውል ወጥቼ ሳልደፍር ተመለስኩ። እማዬ ቅጠሉን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ሰው ፊት ከነአቧራው ሊቀርብ ነው እንዴ? ወልውዬልሻለሁ።»