ከኮንፈረንስ የመጣችው አንዲት ገጽ

ለክቡር አቶ አሳምነው
የሰብል ጤና ማዕከላችን ዋና ኃላፊ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከአውሮፕላን ወንበር የተነሣ ሲያምዎት የከረመው ወገብዎም ፍጹም ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። የአንገር ጉቲን አካባቢ በቆሎ ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። እኔ የማዕከሉ የመስክ ባለሙያ ነኝ። በቆሎን ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ እያቃጠለ ፍሬ ሳይዝ የሚያደርቀውን በሽታ፣ ኦቦ ነመራ በሚባሉ የአንገር ጉቲን ገበሬ ማሳ ላይ አራት ዓመት ተከታትዬ መዝግቤአለሁ። ኦቦ ነመራና ባለቤታቸው አዴ ድርቤ ከዚያ ማሳ ሌላ የሚበሉበት የላቸውም። ጥናቴ በጎረቤት አገር በተካሄደ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ኮንፈረንስ ላይ እንዲቀርብ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ ስለዋሉልኝ ውለታ በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

፩. ግብዣው በስሜ ቢመጣም፣ ከውጭ የሚመጣ ግብዣ ሁሉ መሥሪያ ቤቱን ይመለከታል፣ መሥሪያ ቤቱን ደግሞ የሚወክለው ኃላፊው ነው በማለት ከጉዞ ድካም ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ። የበሽታውን ስም አስተካክለው ለመጥራት በአዲስ አበባ መንገድ እስከ አኖ ከተማ ድረስ በመኪና ውስጥ ሲለማመዱ እንደነበር ሾፌሩ ነግሮኛል። ትጋትዎ ያስቀናል።

፪. ሲመለሱ በአበባ ከተቀበልንዎ በኋላ፣ ግማሽ ቀን በፈጀው የተሞክሮ ማካፈያ ስብሰባ ላይ የሆቴሉን ፎቅ፣ የቁርሱን ዓይነትና አንገትዎ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ በፎቶግራፍ ስላሳዩን አመሰግናለሁ። ሃምሳ ሁለት ፎቶ ቆጥሬአለሁ፤ በአንዱም ላይ በቆሎ አላየሁም።

፫. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያበቃል። ነሐሴ ላይ አንዲት ኡጋንዳዊት ተመራማሪ ኢሜይል ጻፉልኝ። በኮንፈረንሱ የሻይ ሰዓት ላይ እኔን ፈልገው እንዳጡኝ፣ ይኸው በሽታ በእነርሱም አገር እንደነበረና እንዴት እንደገቱት በአንዲት ገጽ አስፍረው ለእርስዎ እንደሰጡ ገልጸው፣ ገበሬዎቹ ተጠቅመውበት እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። እኔ ስለ ገጿ ሰምቼም አላውቅም ነበር።

መዝገብ ቤት ገብቼ ፈለግሁ። «የውጭ ጉዞ» በሚለው ፋይል ውስጥ፣ በትኬትዎና በሆቴሉ ካርታ መካከል አገኘኋት። በሽታው የታየበት ማሳ አንድ ክረምት በቆሎ እንዳይዘራበት፣ በምትኩ አኩሪ አተር ወይም ሰሊጥ እንዲዘራበት ትመክራለች። ከጽሑፉ ግርጌ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ «ታይቷል፤ ከፋይል ጋር ይያያዝ» ይላል፤ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው፣ ሚያዝያ ሁለት።

ኦቦ ነመራ የዘሩት ግንቦት ላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ ነበረን፣ ክቡር ሆይ! እንደ ልማዳቸው በቆሎ ዘሩ፤ ሐምሌ ላይ ማሳው በሙሉ ደረቀ፤ ባልና ሚስት አጭደው ለከብት ሰጡት።

እንዲህ ያለው ኮንፈረንስ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። እኔ አራት ዓመት በሽታውን ስመዘግብ ያላገኘሁትን መፍትሔ እኒያ ሴት አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ሰጥተውን ነበር። ሰዎች ድንበር አቋርጠው የሚገናኙት ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ያን ያህል መንገድ ሄደው፣ የቤተሰብ ቀለብ በእጅዎ ተቀብለው፣ ሳያነቡ ፈረሙበት። ይህን ይቅር ለማለት ሞክሬአለሁ፤ አልቻልኩም።

ስብሰባ፣ ባጅና አበባ ከፊትዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ቁጣ እሰናበትዎታለሁ።

ብፅዓት ሠርፀ
የመስክ ባለሙያ

ማስታወሻ፦ ገጿን ለኦቦ ነመራ በኦሮምኛ አንብቤላቸዋለሁ። አዳምጠው ሲያበቁ፣ ይህን ወረቀት ይዘው የመጡት ሰውዬ እህል አይበሉም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይህን መመለስ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የቢሮዎን አድራሻ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ከአዴ ድርቤ ጋር መጥተው ራስዎን ይጠይቁዎታል።