ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም

ወንድምዓለም፣ ይህን ወረቀት የሚከፍተው እጅህ ደህና ይሁን። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ያለህበት አገር ቋንቋ ነው ብዬ ስፓኒሽ ተማርኩ። መምህሩ ያለፈ ጊዜን ያስጠኑን ስለ በዓል በማስወራት ነበር፤ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው በአንድ የግሥ መልክ፣ አንዴ ሆኖ የቀረው በሌላ ይነገራል። አንተ መብራት ስትሰቅል በየበዓሉ ከወንበር ትወድቅ እንደነበር ሳወራ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ዘንድሮስ ማን ሰቀለ?» ሲሉኝ ግን ደብተሬን መገልበጥ ጀመርኩ።

እማዬ የበዓል ሸሚዝህን ገዝታለች፤ አራተኛው ነው። ካንተ ዘንድ ተመልሶ የመጣውን ደብዳቤዬን ትራሷ ሥር አድርጋ፣ «ፖስታው ላይ የመቱት ማኅተም ምን ይላል?» ትለኛለች።

«ትምህርታችን ገና እዚያ አልደረሰም» እላታለሁ።

ትምህርቱ ካለቀ ሁለት ወሩ ነው፤ ማኅተሙንም ካነበብኩት ቆይቻለሁ። ዛሬም ግን ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ።

ይህንንም የምልከው በዚያው አድራሻ ነው። እባክህ፣ ደህና ሁንልን።

ታናሽ እህትህ