ስለ አቶ ዌንደል ስትራውብ ማረፍና ስለ ደንባችን አንቀጽ አሥራ አንድ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለከተማችን ነዋሪዎችና ለሚመለከታቸው ሁሉ፦

በኦሃዮ የሀርላን ፎርክ ከተማ የድሮ ጉልበተኛ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱና ለሠላሳ ስምንት ዓመታት ምሰሶው የነበሩት አቶ ዌንደል ስትራውብ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ፣ ሜይ 14 ቀን 2024፣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ሲገልጽ ሐዘኑ ጥልቅ ነው። ሐፍረቱም እንደዚያው።

የዚህ መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ «በድንገት» የሚል ቃል ነበረበት። ልጃቸው ወይዘሮ ዳርላ አንብበው መለሱልን። «በድንገት ብላችሁ እንዳትጽፉ። አባቴ በገዛ እጁ ነው የሞተው። ደግሞም መጥቶ ነግሯችኋል» አሉን። ቃሉን ሰርዘነዋል። መግለጫውም እንደ ወትሮው አልሆነም፤ ለዚህ ይቅርታ አንጠይቅም። ይቅርታ የምንጠይቀው ለሌላ ነገር ነው።

አቶ ዌንደል ከ1968 እስከ 1970 በውትድርና አገልግለዋል። ሲመለሱ ባጠራቀሙት ደመወዝ የገዟት ጥቁር አረንጓዴ ሼቬል መኪና እስከ መጨረሻው አብራቸው ነበረች። የሞተሯን ድምፅ የማያውቅ ሕፃን እንኳ በከተማችን የለም።

በ1986 ማኅበሩ ሲመሠረት የራሳቸውን የእርሻ መጋዘን ለመሰብሰቢያ ሰጥተዋል።

በ1994 የጁላይ አራት የነፃነት በዓል የመኪና ሰልፍን ጀምረዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ ከጎናቸው ተቀምጠው በየዓመቱ ለልጆች ከረሜላ ይበትኑ ነበር።

በ2009 የመኪና ዕቃ ፋብሪካው ሲዘጋ የጀመሩት ሥራ ግን በየትኛውም መዝገባችን አልሰፈረም። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ ወይም ልጁን የቀበረ ሰው ሲኖር ሼቬሏን ደጃፉ ላይ ያቆማሉ። የቸኮሉ እንዲመስል ሞተሩን አያጠፉም። «እስቲ ያንን ጠመንጃህን አምጣ፣ ዘይት ልቀባልህ» ይላሉ። እዚህ አገር ሰውን ጠመንጃህን ስጠኝ ማለት ሚስትህን ስጠኝ ከማለት አይተናነስም። ዘይት ልቀባልህ ሲባል ግን ማን እምቢ ይላል? በዚህ ዘዴ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ ቤት ጠመንጃ ወስደዋል። ሰውየው ሲበረታ ይመልሱለታል፤ እውነትም ዘይት ተቀብቶ። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማናችንም አናወራውም።

ከዘጠኙ አንዱ የሆኑት አባላችን አቶ ሜርል ላፎሌት ስማቸው እንዲጠቀስ ፈቅደዋል። «ሦስት ወር ሙሉ ዘይት የሚጠጣ ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው? እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እየመጣ፣ የኔን መኪና ቆርቆሮ እያለ እየሰደበ፣ ቢራዬን ይጠጣልኝ ነበር። ይኸው አለሁ» ብለዋል።

ወይዘሮ አርዲስ ዘንድሮ በፌብሩዋሪ አረፉ። አበባ ላክን። ካርድ ላይ ፈረምን። በማርች ለአቶ ዌንደል የዕድሜ ልክ አገልግሎት ዋንጫ ሸልመን ቆመን አጨበጨብን። ደጃፋቸው ላይ መኪናውን ያቆመ ግን አልነበረም። ሃምሳ አንድ አባላት ነን፤ አንዳችንም አልሄድንም። የሰውን ሁሉ ጠመንጃ ዘይት የሚቀባ ሰው፣ የእሱንስ ማን ይቀባለታል ብሎ ያሰበ አንድ እንኳ ጠፋ።

ኤፕሪል 20 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ ዌንደል ረዥም የሸራ ከረጢት ይዘው ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጡ። የተቀበላቸው ጸሐፊው ነው። ሥራ አስፈጻሚው «አንድ አባል ብለህ ጻፈው» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ብያለሁ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ሮይስ ቴትሪክ።

«ሮይስ፣ እስቲ ይሄን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጥልኝ» አሉኝ።

«ምነው ሽማግሌው፣ ቤት ጠበበህ እንዴ? ሌላ መኪና ልታስገባ ነው?»

«ኧረ ቤቱስ ሰፍቶብኛል።»

ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። «ዌንደል፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ አንተው ራስህ ነህ የፈረምከው። በማኅበሩ ቤት የግል መሣሪያ አይቀመጥም። ኢንሹራንሱ ይጮህብናል» አልኳቸው።

ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ለጁላይ አራት ዕጣ የሚወጣበት አዲስ ጠመንጃ ከነሪባኑ እዚያ ተሰቅሏል።

«ይሄኛውስ?»

«እሱማ ሽልማት ነው!»

«እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው» ብለው ከረጢቱን አንሥተው ወጡ። ሼቬሏ መንገዱ ጫፍ እስክትደርስ ድምፅዋን አዳመጥኩ። ጤነኛ ሞተር ነው ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ወይዘሮ ዳርላ ከቀናት በፊት በአባታቸው የብረት ሳጥን ውስጥ አሥር ቁራጭ ካርቶኖች አገኙ። አቶ ዌንደል በተረከቡት ጠመንጃ ሁሉ ላይ የሚያስሩት ነው፦ የባለቤቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። ዘጠኙ ተሞልተዋል። አሥረኛው በእሳቸው እጅ ጽሑፍ «ዌንደል ስትራውብ፣ ኤፕሪል 20፣ ሮይስ ጋ» ይላል። የተመለሰበት ቀን ባዶ ነው። ያን ጠዋት ካርቶኑ በከረጢቱ እጀታ ላይ ታስሮ ነበር። አይቼዋለሁ። የአሮጌ ዕቃ ገበያችን ሰሞን ስለነበር የሚሸጥ ነገር ዋጋ መስሎኝ አላነበብኩትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ትናንት የተጠራው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን ወስኗል። የዘንድሮው ዕጣ ተሰርዟል፤ ጠመንጃውም ለሻጩ ተመልሷል። አንቀጽ አሥራ አንድ ተሽሯል። በማኅበሩ ቤት የብረት ካዝና ገብቷል፤ ኢንሹራንሱ እንደ ፍጥርጥሩ ይጩኽ።

ቀብሩ በመጪው ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይፈጸማል። እንደ ቀድሞ ወታደርነታቸው የክብር ተኩስ ይገባቸው ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈለገም። በምትኩ የሃምሳ አንዳችንም ሞተር በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በአንድ ጊዜም ይጠፋል። ከዚያ ሼቬሏን ወይዘሮ ዳርላ ለብቻቸው ነድተው ይወጣሉ።

ለወይዘሮ ዳርላ፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ይቅር እንዲሉንም እንለምናለን፤ ካላሉንም አንፈርድባቸውም።

ከእንግዲህ ቤት የሰፋበት ሰው ካለ ይምጣ፣ መምጣት ካቃተው ይደውል፣ መደወልም ካቃተው እኛው እንመጣለን። የካዝናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። አሥረኛውን ካርቶን በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ማንም ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አነባለሁ። ጠመንጃ ዘይት መቀባት አላውቅም ነበር። ሜርል እያስተማረኝ ነው።

ሮይስ ቴትሪክ
የማኅበሩ ጸሐፊ