የሦስተኛው ቀን ሄሊኮፕተር

ውድ እህቴ እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺንም አባባንም በርትታችሁ፣ ቤቱም ከጎርፉ ጭቃ ጸድቶ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ብቻ አላፈናፍን ብሎኛል።

አባባ ከጣሪያው ከወረዱ ወዲህ የያዛቸው ሳል እንዴት ሆነ? ሐኪሙስ ስለ ሳንባቸው ምን አለ? ያልሽኝን ሽሮፕ ልኬያለሁ።

ቢሮ አሁን የያዝነው ጦሩ በጎርፉ ጊዜ ያደረሰውን እርዳታ መገምገም ነው። ጎርፉን ኮምፒውተር ላይ እንደገና እናስነሳዋለን፤ ከዚያ የጦሩ ሄሊኮፕተር ወደየመንደሩ የሚሄድበትን ቀን እየቀያየርን «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» እንላለን። ያኔ ጎርፉ ሲመጣም የመንደሮቹን ተራ ያወጣሁት በዚሁ ፕሮግራም ነበር። የእኛን መንደር አንደኛው ቀን ላይ አስቀምጦት ነበር። እኔ «ለዘመዶቿ አደላች» እንዳልባል ወደ ሦስተኛው አወረድኩት። አለቃዬም በሰው ፊት አመሰገነኝ።

ትናንት መንደራችንን ወደ አንደኛው ቀን መለስኩና ፕሮግራሙን አስኬድኩት። ሄሊኮፕተሩ ከምሳ በፊት ደረሰ፤ ጣሪያ ላይ ሁለት ሌሊት ዝናብ ሲመታው የሚያድር ሰው የለም። አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ባልደረባዬ «ማሽኑን ልታቃጥዪው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባባ «ልጄ እዚያ ባትኖር ኖሮ ማን ያስታውሰን ነበር!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያወሩ ጽፈሽልኛል። እባክሽ እትዬ፣ እንዲህ ብዙ እንዳያወሩ ንገሪያቸው፤ ሳሉ ይብስባቸዋል።

ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አታንብቢላቸው።

ታናሽ እህትሽ