ኬኩ ሁልጊዜ የሚሰነጠቀው በቀኝ በኩል ነው

ጥር 6

ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ አድርሼ መጣሁ። ዛሬም ተሰንጥቋል። በቀኝ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች... ስሞላው፣ ስለጥፈው፣ አበባ ስደረድርበት ሃያ ደቂቃ ሄደ። የሠርግ አዳራሹ ኃላፊ ዓይኗ የዋዛ አይደለም። «አበባው አንድ ወገን ላይ በዛሳ» አለች። ሳቅኩ። ምን ልበላት? ቤት እያለ ደህና ነበር ልበላት?

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ጥር ሃያ ዘጠኝ ባለ አራት ፎቅ እፈልጋለሁ። ሁለት መቶ እንግዳ ነው። እሱም ተለጣጥፎ ከመጣ ግን እህቴ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ክፋት የላትም፣ እውነቷን ነው። ግን የሥራዬ ግማሹ የእሷ አዳራሽ ነው። እሱ ከቀረብኝ መጋገሩም ቀረ ማለት ነው። ቢሮውን ጥዬ ዱቄት ውስጥ ስገባ ማንን ተማምኜ ነው? ተመልሼ የማንን ወረቀት ልደረድር?

ጥፋቱ የመኪናዋ ነው። የአባቴ መኪና፣ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። የኋላ ወንበሯን አስወጥቼ ስፖንጅ አንጥፌላታለሁ። እሷ ግን ጠጠር ባገኘች ቁጥር እስከ ወገቤ ድረስ ታስታውቀኛለች።

ጥር 8

የኪራይ መኪና ሞከርኩ። ሹፌሩ በስልክ ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ነዳ። ኬኩ በሩ ላይ ተለጠፈ። ይቅርብኝ።

ጥር 10

ጎሚስታው ጎማዎቹን አይቶ፣ «ማን ነው እንዲህ የነፋቸው? የጭነት መኪና መሰለችው እንዴ?» አለ። አስተነፈስኩ። ትንሽ ለሰለሰች። ትንሽ ብቻ...

ከሰዓት ሙከራ አደረግን። አንድ ኬክ ጋግሬ ክሬም ቀባሁትና ከኋላ ጫንኩት። ባሌን ከጎኑ አስቀመጥኩት። የሂሳብ መምህር ስለሆነ ልኬት ይወዳል። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ከዚያ እዚያው ባለው ጉድጓድ ላይ ነዳሁ።

«ጉድጓዱ ውስጥ ስትገቢ ምንም አልሆነ። ከወጣሽ በኋላ ነው የዘለለው። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ተሰነጠቀ፤ በቀኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ክሬሙ ሱሪዬ ላይ ነው፣ ነይ እዪው።»

ራት ኬክ በላን።

ጥር 13

መካኒኩ ጋ ዋልኩ። ባሌ ትክክል ነበር። የቀኝ ኋላው ሾክ አብዞርበር፣ ዝላዩን የሚውጠው፣ ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል። «ይሄ እኮ የሞተው ድሮ ነው፣ ቀባሪ አጥቶ ነው» አለ መካኒኩ። ሁለቱንም የኋላዎቹን ቀየረ። መዝለሏን አቆመች። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ... ከታች ቋ ቋ ቋ። ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ጎሚኒ ነው አለኝ። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገቡት ጎማዎች። አንዱን አውጥቶ በጣቱ ፈረፈረው። «እነዚህን ልቀይርልሽና እንደ አልጋ ትሆናለች።» ለሃያ ቀጠረኝ።

ጥር 20

አልጋ? የድንጋይ አልጋ!

ቋቋታው ጠፍቷል፣ አልዋሽም። መዝለሉንም ትታለች፣ አሁን ግን ትመታለች። የአስፋልቱን ጥፍጥፍ ሁሉ በጥርሴ ቆጠርኩት። ከግማሽ መንገድ ተመልሼ ነገርኩት። ጭንቅላቱን እንኳ ከሞተሩ ውስጥ አላወጣም።

«አዲስ ስለሆነ ነው። ይላላል።»

ጥር 22

«ይላላል።»

ዛሬም ያው። ስሙን እንዲያው «ጌታው ይላላል» ብዬዋለሁ። መቼ ነው የሚላላው? እኔ ያለኝ ሰባት ቀን ነው። የዚያን ቀኑ የሙከራ ኬክ ምን እንደሆነ ልነግረው ስጀምር፣ «እትዬ፣ መኪና እኮ በኬክ አይለካም» አለ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። ለምን አይለካም? ከእኔ ኬክ የበለጠ የሚሰማት ማን አለ? ይሄን ሁሉ የመለስኩለት ግን መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው። ራሴንም ጠላሁት።

ባሌ «ብትሸጫትስ?» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ጮህኩበት። ሳህን አስቀምጦ ወጣ።

ጥር 24

ሌላ ኬክ። ዛሬ ብቻዬን ነዳሁ። ስመለስ ከኋላ ከፍቼ አየሁት... በቀኝ አልተሰነጠቀም። በግራም አልተሰነጠቀም። ክሬሙ ዙሪያውን ተሸብሽቧል፣ መሃሉ ሰርጉዷል። ይሄ የድሮው በሽታ አይደለም። ከጥገናው በኋላ የመጣ ነው። ወይስ እያበድኩ ነው?

ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ በኩል ሳጉረመርም ሰሙኝ። ሠላሳ ዓመት አምቡላንስ ነድተው ነው ጡረታ የወጡት። ጎሚኒ ማስቀየሬን ሰምተው መጡና የመኪናዋን የኋላ ጫፍ በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ንቅንቅ አላለችም። «ግድግዳ ነው እንዴ የምገፋው?» አሉ። ከዚያ ኬኩን ጎንበስ ብለው አዩት። ሳይስቁ።

«እኔም በሽተኛውን በመስታወት እያየሁ ነበር የምነዳው። ፊቱ ሲኮማተር ነው መንገዱን የማውቀው። ጎሚኒዎቹን ሲያጠብቃቸው ጎማዋ መሬት ነክቶ ነበር ወይስ በክሪክ ተነስታ ተንጠልጥላ?»

ተንጠልጥላ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ አራቱም እግሯ አየር ላይ...

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ እንደተንጠለጠለች ተቆለፈች። መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ሁሉ ተጠማዘዘ። እንዲህ የታሰረ ላስቲክ መቼም አይላላም፣ ይቀደዳል እንጂ። ይፍታውና መሬት ላይ ቆማ፣ ሰው ተቀምጦባት ያጥብቀው።»

አራት ቀን ሙሉ! የማይላላውን ነገር ይላላል እየተባልኩ!

ጥር 26

ጋሼ «ልምጣ?» አሉኝ። እምቢ አልኩ። እሳቸው ቢናገሩ መካኒኩ እሺ እንደሚል አውቃለሁ፤ ለእኔ ነው እሺ እንዲል የፈለግሁት።

ነገርኩት። «ያው ነው» አለ። «ያው ከሆነ ፍታና መልሰህ እሰረው፣ ምን ትጎዳለህ?» ሥራ በዝቶበታል። «እንግዲያው መፍቻውን ስጠኝ።» ሊስቅብኝ ብሎ ሰጠኝ። መኪናዋን ራሴ ነድቼ ከጋራዡ ጉድጓድ በላይ አቆምኳት፣ አራቱም ጎማ መሬት ይዞ። ቱታ ተውሼ ገባሁ። ዘይት ፀጉሬ ላይ ጠብ ይላል። የመጀመሪያው ብሎን በሁለት እጄ፣ በሙሉ ክብደቴ... ቀጭ! ሁለተኛው። ሦስተኛው ሲላላ መኪናዋ ከበላዬ እህህ ብላ ዝቅ አለች። ወደ ሁለት ጣት ያህል።

ከላይ ሳቁ ቆመ።

«ምን አደረግሽ?» አለ።

«ምንም። አላላሁት። ግባና ተቀመጥባት፣ ክብደት ያስፈልገኛል።»

ገባ። ኬኬ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። አንድ በአንድ አጠበቅሁ። መጨረሻው ላይ ጉልበት አነሰኝ፤ ራሱ ወርዶ ጨረሰው። መፍቻውን እየጠረገ፣ «ሁሉንም እንደዚያ ነበር የማስረው» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅሁም። ስንት ሰው ይሆን ይላላል እየተባለ የሚንገጫገጨው? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሳዘነኝ።

ጥር 27

ባሌን ይቅርታ ጠየቅሁት። «በግምት ነው ወይስ በልኬት?» አለ። ታርቀናል።

ጥር 29

አራት ፎቅ። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ የኋላውን በር ከፈትኩት። ዙሪያውን አየሁት። በባትሪም አየሁት። አንድም መስመር የለም።

አራት ሆነን አስገባነው። ኃላፊዋ በሩቁ አይታው «እዚያ ጠረጴዛ ላይ» ብላ ወደ ወንበሮቿ ሄደች። በቃ። አንድም ሰው ምንም አላለም። ቆርሰው በሉ፣ እያወሩ በሉ። ጥግ ላይ ቆሜ አንድ የሚናገር ሰው ስጠብቅ... ለካ ደህና የደረሰ ኬክ ወሬ የለውም። ስወጣ ኃላፊዋ ወረቀት አስጨበጠችኝ። የየካቲት የትእዛዝ ቀኖች፣ አምስት ናቸው። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ስመለስ ከኋላ ባዶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ ግን መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ጉድጓዱን ሳይሰማኝ አልፌው ነበር።