ጋሽ ሰማን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ

ለታላቁ ወንድሜ ለነብዩ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ደርባን ብርድ ይሆናል ብሎ አንዴ በስልክ የነገረኝ ዑመይር ነው፤ እውነት ነው ወይስ እንደ ልማዱ ሲቀልድብኝ ነው? እማዬ የላከችልህ ጋቢስ አለ ወይስ የሱቅ ዕቃ መሸፈኛ ሆነ? የዑመይር ጥርስ እንዴት ሆነ? አስነቀለው ወይስ አሁንም በቅርንፉድ እያባበለው ነው?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለባትም። አባዬም ደህና ነው። ደህና ነው ስልህ ይበላል፣ ይተኛል ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታገኘዋለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። የቤታችንን ስልክ ታውቀዋለህ። ስትደውል እማዬ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ አባዬ የሚያነብ መስሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ የምፈልገውን ሳልጠይቅ መስመሩ ይቋረጣል። አሁን ግን አብራኝ የምትዘምር የቆሼ ከተማ ልጅ ወንድሟ ማክሰኞ ወደ እናንተ አገር ሊበር ነው። ወረቀቱን በእጅህ ሊሰጥህ ቃል ገብቶልኛል። ከዑመይር ጋር ሆናችሁ አንብቡት፤ ነገሩ የሁለታችሁም ነውና።

በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችንን ልንገርህ። አሁን ብታያት አታውቃትም። አዲሱ አዳራሽ ጣራው ተመቶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ጠጥቶ፣ የቀረው የመስኮቱ መስታወት ብቻ ነው። ሐምሌ 13 እሁድ ይመረቃል። የወልቂጤ መዘምራን ይመጣሉ፤ ከጉንችሬም አንድ ሚኒባስ ሙሉ እንግዳ እንጠብቃለን፣ የት እንደምናሳድራቸው ግን እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ጠይቄ ጠይቄ የእናቶች ኅብረት «አንቺ ዝማሬሽን አጥኚ» ብሎ መለሰኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች እንግሊዝኛና ሒሳብ እናስተምራለን። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ተመዝግቧል። እኔ አራተኛ ክፍሎችን ወስጃለሁ፤ ከእኔ የባሱ ጠያቂዎች ናቸው አሉ፣ እናያለን።

በምረቃው ቀን አዲስ ሽማግሌዎችም ይሾማሉ። አንተ እዚያ የገባህባት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እንደኛው በሽማግሌዎች እንደምትመራ ጽፈህልን ነበር። የእነሱ እንዴት ይመረጣሉ? እኛ ጋ፣ ከረሳኸው፣ የዕጩዎቹ ስም ሦስት እሁድ በተከታታይ ይነበባል። «ነውር የሚያውቅባቸው ካለ ይናገር» ይባላል። ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ይሾማሉ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ዘንድሮ ከዕጩዎቹ አንዱ አባዬ ነው።

አባዬ ስሙ ሲጠራ ደስ አለው። አይናገርም እንጂ ጫማውን ራሱ መቦረሽ ጀምሮ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የሚፈልገው መሆኑን እንዲህ የነገረው የለም። እኔም ደስ አለኝ።

ጥፋተኛ ከተፈለገ ጥፋተኛው የድምፅ ማጉያው ነው። አዳራሹ እስኪያልቅ አሮጌው ቤት ያልበቃው ሰው ውጭ ድንኳን ሥር ስለሚቀመጥ፣ ወጣቶቹ ማጉያውን ዛፍ ላይ ሰቀሉት፤ አፉን ደግሞ ወደ በርበሬ ሱቆቹ አዙረው። ስለዚህ ቄስ ዘመድኩን ለአባላት ብለው የሚያነቡትን፣ የዑመይር አባት ጋሽ ሰማን ሱቃቸው ውስጥ በርበሬ እየመዘኑ ይሰሙታል። አንደኛውን እሁድ ሰሙ፣ ሁለተኛውን ሰሙ። በእሳቸው አገር ወግ ደግሞ በሸንጎ «የሚያውቅ ይናገር» ከተባለ፣ ጥሪው ጆሮው የደረሰ ሁሉ መሄድ አለበት፤ ሰምቶ የቀረ ሰው የበደሉ ተካፋይ ነው። ይህን በኋላ ነው የነገሩን።

በሦስተኛው እሁድ ቄስ ዘመድኩን አንብበው ጨርሰው መጽሐፋቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ጋሽ ሰማን ቆባቸውን እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆመው አየናቸው። መጀመሪያ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ በካልሲ ገቡ። እኛ ሁላችን ጫማችንን አድርገን ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን እግራችንን ማየት ጀመርን። «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ግማሹ ሰው «ወአለይኩም ሰላም» አለ፤ ግማሹ ለምዶበት «አሜን» አለ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የአባዬን ፊት ሳይ ሳቁ ከጉሮሮዬ ወረደ።

ቄስ ዘመድኩን ግራ ቢገባቸውም በአክብሮት «ይናገሩ» አሏቸው። የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አስረስ ሌባ አይደለም፣ ውሸታም አይደለም። ልመሰክርበት አልመጣሁም፤ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሽማግሌ የተጣላ የሚያስታርቅ ነው ስትሉ በማይካችሁ ሰምቻለሁ። አስረስ ልጆቻችን ከሄዱ ጀምሮ ሰላምታ ነስቶኛል። የሚለየን አንድ አጥር ነው። እሱን ከሾማችሁት፣ እኔንና እሱን ማን ያስታርቀን?»

ነብዬ፣ ቄስ ዘመድኩን ወደዚህ የመጡት በቅርብ ስለሆነ የኩርፊያውን ነገር አያውቁም። የምናውቀው ደግሞ ለምደነው ነበር። በሰርግ ጊዜ ሁለቱን አራርቆ ማስቀመጥ፣ ለቅሶ ላይ በተለያየ ሰዓት መሄድ፣ እማዬና እትዬ ሳሌሃ በአጥር በኩል ጎመንና ቆጮ ሲቀባበሉ አባዬ ያላየ መምሰል፤ ይህ ሁሉ የኑሯችን ሥርዓት ሆኖ ነበር። እንዲህ በሰው ፊት ሲነገር ግን አፈርኩ። አባዬ ይቆጣል፣ ጥሎ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለ። «ያለው እውነት ነው። ስሜን አቆዩት» ብሎ ቁጭ አለ። በአባዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም አሳዝኖኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ስሙን አላወጡትም፤ እስከ ምረቃው ዕለት ከታረቀ ይሾማል፣ ካልታረቀ ይቀራል አሉ። ከቤተ ክርስቲያን በኩል ቄስ ዘመድኩን፣ በጋሽ ሰማን በኩል የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ከድሮ ሆነው፣ ሁለቱን በአዲሱ አዳራሽ በረንዳ ላይ አስቀመጧቸው። ዝናብ ስለነበር እኔ ወንበር የማቀብል መስዬ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። መስታወት አልገባም ብዬህ የለ? ሁሉንም ሰማሁ።

አባዬ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ልጄን አስኮብልሎ በሞያሌ ያሻገረው የሰማን ልጅ ነው አለ። በመንገድ ላይ ስንት ልጅ እንደቀረ እያወቀ እንዴት አባትየው ዝም ይላል፣ ያውቅ ነበር አለ። ጋሽ ሰማን አባዬ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የማውቀው የአንተ ልጅ የእኔን ይዞ መሄዱን ነው አሉ። ዑመይር ከሱቅ ወጥቶ ወልቂጤ እንኳ ብቻውን ሄዶ የማያውቅ ልጅ ነበር አሉ። ሁለቱም ተያዩ። ሐጂ ከድሮ ሳቁና፣ እናንተ አንድ ዕቃ ጠፍቷችሁ አንዱ ሌላውን ሌባ የምትሉ ሰዎች ናችሁ አሏቸው።

ከዚያ የተፈረደው ይህ ነው፤ የሚያውቁት ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ እነሱ ይጠየቁ። ሐሳቡን ያመጣው የማን ልጅ እንደሆነ ሲታወቅ፣ የዚያ ልጅ አባት ቀድሞ ተነስቶ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እዚያው ቤት እህል ይቀምሳል። ሁለቱም እሺ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እርስ በርስ ግን አልተጨባበጡም፤ ሁለቱም የሐጂ ከድሮን እጅ ነው የጨበጡት።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚህ ነው። መጀመሪያ «እንሂድ» ያለው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ዑመይር? የት ሆናችሁ ነው ያወራችሁት? ሌላው ወዲያው እሺ አለ ወይስ ተለመነ? ይህን ጥያቄ እናንተ ከሄዳችሁ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። አንተ በዚያው ሰሞን የጫማህን ሶል አስቀይረህ ነበር፤ መንገድ አስቦ ካልሆነ ማን ደህና ሶል ያስቀይራል? ዑመይር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እናቱን ከኋላ ኋላ ሲከተል ነበር የሚውለው፤ እትዬ ሳሌሃ «ምን ሆነሃል፣ ቀሚሴን ልቀቅ» ስትለው በአጥር ሰምቻለሁ። ከዚህ የገባኝን ታውቀዋለህ። ግን ግምት ነው፤ በግምት ሰው አይከሰስም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ «እኩል ነው ያሰብነው» የሚል የሚያምር ነገር እንዳትልኩ። እውነት ከሆነ እሺ። ካልሆነ ግን አባዬ ድምፅህን ያውቃል፣ ጋሽ ሰማንም የልጃቸውን ያውቃሉ፤ ሰላሙ ሳይውል ሳያድር ይፈርሳል። ሹመቱ ቢቀር ይቀራል፤ አባዬ ያለ ሹመት ሰባ ሊሞላው ነው። እሱና ጎረቤቱ ግን እንዲህ እንደተኮራረፉ ከሁለት አንዳቸው ቢሞቱስ? እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኛ ዘመዶቻችን ሁሉ ሰሜን ናቸው፣ እናንተ ደግሞ ባሕር ማዶ። እማዬ ታማ ሌሊት መኪና ቢያስፈልገን በሩን የምናንኳኳው የማንን ነው?

ደግሞ አባዬ ልቡ ያለው የት እንደሆነ እየገባኝ መጥቷል። ከችሎቱ ማግስት እራት እየበላን ድንገት፣ ልጆቹ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት አለ። አዎ አልነው፤ ይህንንማ ሁልጊዜ እናወራለን። ከዚያ «ሥጋውን እንዴት ነው የሚያደርጉት?» ብሎ ጠየቀ። የዑመይር ለብቻ፣ ያንተ ለብቻ ነው ወይስ ሥጋ የሚባል ነገር ትታችኋል? ድስቱስ ሁለት ነው? አባዬ ጉርሻውን ሳይበላ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠው። እባክህ ይህንንም ጻፍልን፤ እኔም ልቤ ተንጠልጥሏል።

ለምረቃው የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስለሚጠሩ ለእነሱ አንድ በሬ ለብቻ ይታረዳል። ድሮ የሚያርዱት ጋሽ ሰማን እንደነበሩ ታስታውሳለህ፤ ከኩርፊያው ወዲህ ሰው ከመስቃን ገጠር ነው የሚጠራው። ባለፈው ረቡዕ አባዬ ጃንጥላውን ይዞ «ሰማንን ስለ እርዱ ልጠይቀው» ብሎ ወጣ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። የቆርቆሮ በራቸው ጋ ደረሰ፣ እጁን አነሳ፣ ሳያንኳኳ ቆመ፣ ተመለሰ። ምነው ብትለው፣ ዝናቡ በዛ አላት። ጠብታ አልነበረም።

ስለዚህ ወረቀቱ እንደደረሰህ ደውል። ከሐምሌ 13 በፊት ይሁን። ስትደውል በእማዬ ስልክ ይሁን፣ ድምፁን ከፍ ታድርገው፤ ጋሽ ሰማንንም እኔ ሄጄ እጠራቸዋለሁ፤ ካስፈለገም በአጥር አሰማቸዋለሁ። አባዬ እንዳይሸነፍ ብለህ አትፍራ። ያን እሁድ በሰው ፊት «ያለው እውነት ነው» ሲል አይቼዋለሁ፤ እውነት አያሳንሰውም።

እማዬ ስማ ስማ ሰላም ብላሃለች፤ ጉልበቷን እንዳነሳሁልህ እንዳትነግራት። ቄስ ዘመድኩን ባያውቁህም ሰላም ይሉሃል፤ ስለ ሁለታችሁም ይጸልያሉ። መዘምራኑ በሙሉ ሰላም ብለውሃል፤ በረደ ብለህ ድምፅህን እንዳታጣ ይላሉ። እትዬ ሳሌሃ የላከችው በርበሬ በቆሼው ልጅ እጅ ነው፤ ለዑመይር ብቻ እንዳይመስለው፣ «ለሁለቱም ልጆቼ» ብላ ነው የሰጠችኝ። አብሯችሁ ለሚኖረው ለሆሳዕናው ልጅም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዑመይርን በደንብ ሰላም በልልኝ፤ ጥርሱን ይነቀል።

አባዬን፣ ለነብዩ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። እንደ ሁልጊዜው «ሰላም በይልኝ» አለና ተነሳ። ጓዳው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ እኔ ሳይዞር «ለዚያም ልጅ» አለ።

እህትህ ማርቲ አስረስ
ቡታጅራ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.